ቦራን ሰማይ ያወጣንበት ካርድ

ትርንጎዬ፣

«እንደምን ከርመሻል» ብዬ እንዳልጀምር መልሱን ከማን እሰማለሁ? ያለንበትን ልንገርሽ እንጂ። ከተለየሽን ዓመት ከመንፈቅ ሆነን። እኔም ልጃችንም በሕይወት አለን። ማኅደር ዘጠኝ ዓመቷን ይዛ ቁመቷ ተመዝዟል፤ አምና የገዛሁላት ቀሚስ ዘንድሮ ጉልበቷን አይሸፍንም። እኔ እዚያው ማራኪ ፎቶ ኮፒ ቤት የተማሪዎችን መመረቂያ ጽሑፍ እጠርዛለሁ። ማታ ማታ ወጥ እሠራለሁ። ድስት ማሳረሩን ትቻለሁ ማለት ይቻላል፤ ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ ግን አሁንም የሽንኩርቴን ሽታ እየሰሙ በመስኮት ያርሙኛል።

ትልቁ ወሬ የማኅደር ሆድ ነው። የገናን ጾም ደህና ከርማ፣ የበዓሉ ዕለት ቅቤውና እርጎው ሲቀርብ በላች፤ ማታውኑ ሆዷን ይዛ ታጥፋ ተኛች። እትዬ ዘውዴ ብርድ ነው አሉ። እኔም ብርድ ነው ብዬ ዝንጅብል አፈላሁላት። በሳምንቱ ደገማት፣ ደግሞ ሠለሳት። ሆስፒታል ብወስዳት ሐኪሙ መርምሮ መርምሮ፣ ሆዷ ወተት አልስማማው ብሏልና ወተትም፣ እርጎም፣ አይብም፣ ቅቤም ለጊዜው ይቅርባት አለኝ። ለአገራችን ሰው እንዲህ ያለ ትእዛዝ እንዴት እንደሚነገር ግን አልነገረኝም። እትዬ ዘውዴ እንኳ «ጥቂት ናት፣ ለማጣፈጫ» ብለው ምስር ላይ አንድ ማንኪያ ቅቤ ጣል አድርገውባት ሁለት ቀን ከትምህርት ቤት ቀረች። ከዚያ ወዲህ እሳቸውም አምነዋል።

ሁዳዴ ሲገባ እፎይ አልን። ከተማው በሙሉ እንደኛ ሆነ። የትም ብንጋበዝ የሱፍ ፍትፍት ነው፣ ተልባ ነው፣ ሽሮ በዘይት ነው፤ ማኅደርም እንደ ልቧ በላች። ሱቅ ስልካት ብስኩቱን ገልብጣ ከጀርባው ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ ታነባለች። የወተት ዱቄት የሚል ካገኘች ለባለሱቁ መልሳ ትሰጠዋለች። አንድ ቀን ሲያጉረመርምባት ሰምቼ አንቺ ብትኖሪ የምትመልሺለትን አሰብኩና ብቻዬን ሳቅሁ።

ያስጨነቀኝ ፋሲካ ነበር። ከፋሲካም ይልቅ እናትሽ።

እናትሽ ከአርባሽ ወዲህ ከኮሶዬ ወደ ጎንደር ወርደው አያውቁም። ሙት ዓመትሽ ወጥቶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ጥቁሩን አውልቁ ቢላቸው፣ እሺ ብለው በማግስቱ መልሰው ለበሱት። ስልክ ስደውልላቸው ደህና ነን፣ ደህና ናችሁ ብለን እንዘጋዋለን። ከእሳቸው የሚመጣልን ቅቤ ብቻ ነው። አንቺ በየበዓሉ አቅፈሽው የምትወርጂው ቅቤ አሁን በሰው በሰው ብቻውን ይመጣል። የጥምቀቱ ሳይከፈት መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ልሸጠውም፣ ለሰው ልሰጠውም እጄ አልታዘዝ አለኝ።

ለምን እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ። መጀመሪያ ቤታችሁ የመጣሁ ቀን ትዝ ይልሻል? እናትሽ ገንፎ አቀረቡልኝ፣ መሐሉን ጎድጎድ አድርገው በቅቤ ሞልተው። እኔ በፍርሃት ቀና ብዬ ሳላይ ጠረግሁት። ቅቤው በክርኔ ወርዶ ነጩን ሱሪዬን አበላሸው። አንቺ ምሰሶው ጀርባ ቆመሽ ነጠላሽን አፍሽ ውስጥ ወትፈሽ ትስቂያለሽ። እናትሽ ግን አልሳቁም፤ ወደ አባትሽ ዞር ብለው «ሸጋ ልጅ ነው፣ ቅቤ አይፈራም» አሉ። እኔን ለልጃቸው የመረቁልኝ በዚያች ቃል ነው። እንግዲህ ለእኚህ ሴት ቅቤ አይላኩብን ብዬ እንዴት ልናገር? ልጅዎ የለችም፣ እርስዎም ይቅሩብን ያልኳቸው ቢመስላቸውስ? በሕማማት ዋዜማ ልነግራቸው ደውዬ ዝናብ መጣል አለመጣሉን ጠይቄ ዘጋሁት።

መላውን ያገኘችው ማኅደር ናት። ትምህርት ቤት የበዓል ፖስት ካርድ መሥራት ተምራ ኖሮ፣ ለእማማ አስቂኝ ካርድ እንሥራላቸው አለችኝ። ፊደል ባይቆጥሩም ሥዕል ያያሉ አለች። እኔ ደግሞ ቀልድ የት አውቃለሁ? በዚህ ቤት ቀልዱ ያንቺ ነበር። የኔ ቀልድ አንድምታ ያስፈልገዋል ትዪኝ የለም? ቢሆንም የሆሳዕና ዕለት ከሰዓት ከመጠረዣ ቤቱ የተረፈኝን ሰማያዊ ካርቶን አውጥቼ አጠፍኩት። መቀስና ማጣበቂያ ይዘን ወለሉ ላይ ተቀመጥን።

የመረጥነው የምታውቂውን ተረት ነው፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚለውን። የእናትሽን ላም ቦራን ሰማይ ላይ አወጣናት። ማኅደር ስትስላት ውሻ መሰለች፤ ቀንድ ብንጨምርላት ቀንዳም ውሻ ሆነች። ደመናውን ከፋርማሲ ጥጥ ለጠፍን። ታች መሬት ላይ ማኅደር ራሷን ሳለች፤ ሆዷ ከበሮ አክሎ፣ ባዶ ዋንጫ ወደ ላይ ዘርግታ፣ ምላሷን አውጥታ። እኔም እየለመደልኝ መጥቶ የሐኪሙን መነጽር ሠራሁለትና አጠገቧ አቆምኩት፤ ጣቱን እየነቀነቀባት። ከስንት ጊዜ በኋላ ድምፄን አውጥቼ ሳቅሁ።

ቀና ስል ማኅደር ከቦራ ሥር በርጩማ እየሳለች ነው። በርጩማው ላይ ሴት አስቀመጠች። ለሴትየዋ ያንቺን ቢጫ ሹራብ አለበሰቻት። አንቺ ነሽ፤ ላም ታልቢያለሽ።

መቀሱን አስቀመጥኩ። ቀልዱ እዚህ ድረስ ይደርሳል አላልኩም ነበር። ጥቁር ለለበሰች እናት የሞተች ልጇን ላም ስታልብ ሥሎ «እንኳን አደረሰዎ» ማለት እንደ ፌዝ አይቆጠርም? ሌላ ወረቀት ለጥፌ ልሸፍነው ፈለግሁ። ማኅደር ግን ካርዱን ደረቷ ላይ ይዛ «ለምን? እማዬን እኮ ሆዷን አያማትም፤ እሷ ትጠጣልን» አለችኝ። ወጥቼ ደጅ ትንሽ ቆሜ፣ ፊቴን ታጥቤ ተመለስኩና ተውኩት።

የፋሲካን ዶሮ በዘይት ሠርቼ፣ በማግስቱ ኮሶዬ ወጣን። ጉሙ ከመንገዱ አልተነሣም ነበር። በሚኒባሱ ውስጥ የምናገረውን ስደረድር ቆይቼ፣ እናትሽን በር ላይ ጥቁር ለብሰው ሳያቸው ሁሉም ጠፋኝ። ገና ሳንቀመጥ የቅቤውን ቅል ከጓዳ አወጡና እፊቴ አስቀመጡት። ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ ያጠራቀሙት ነው። ያን ጊዜ ማኅደር ካርዱን በሁለት እጇ ሰጠቻቸው።

ወደ በሩ ብርሃን ይዘውት ሄዱ። ቆይተው ለራሳቸው ያህል «ላም አለኝ በሰማይ» አሉ፤ የቀረውን ማኅደር ጨረሰችላቸው። እኔም በዚያው ተንተባትቤ የሐኪሙን ነገር ነገርኳቸው። የሰሙኝ አይመስሉም። ጣታቸውን ቢጫው ሹራብ ላይ አድርገው «ይችስ ማን ናት?» አሉ። ማኅደር ሳትፈራ እማዬ ናት አለች። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እናትሽ ሥዕሉን እንደገና አስተውለው አዩት። «ምነው ከኋላ እግሯ ሥር አስቀመጥሻት? ትርንጎ መቼ ማለብ ታውቃለች! ቦራን ገና ስታያት አጥር ትዘል የነበረች ልጅ! አሁን በአንድ እርግጫ ከሰማይ ታወርዳት የለ» አሉና ሳቁ። ትርንጎዬ፣ ሳቁ። ትከሻቸው እስኪናጥ ሳቁ። ከዚያ ሳቁ መሐል ላይ ቆመና፣ «ምነው ባወረደችልኝ» ብለው ካርዱን ፊታቸው ላይ ደፉት። ሦስታችንም አለቀስን። በቀብርሽ ዕለት እንኳ እንዲያ አብረን አላለቀስንም፤ ያኔ ሁሉም ለየብቻው ነበር።

ሲረጋጉ ቅሉን ወደ ጓዳ የሚመልሱት መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ወደ እኔ ዞረው «ሐኪሙ ራሷንም ከልክሏል?» አሉኝ። የከለከለው መብላቱን ብቻ ነው አልኳቸው። ማኅደርን በጉልበታቸው መሐል አስቀመጡ፤ ሹሩባዋን ፈትተው፣ ፀጉሯን ከፋፍለው፣ ለጋውን ቅቤ እያነሡ አናቷ ላይ አኖሩላት። ቀልጦ በግንባሯ ሲወርድ እየሳቀች በመዳፏ ትጠርጋለች። መዳፏ ቅቤ በቅቤ ሲሆን ዞር ብላ እሳቸው ሻሽ ሥር ሰደደችው። ካንቺ ሐዘን ወዲህ ያን ራስ ቅቤ አልነካውም ነበር። እጇን አልያዙባትም። ሻሻቸውን ራሳቸው ፈቱላትና አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ።

ካርዱ ኮሶዬ ቀርቷል፤ ያንቺ ፎቶ ከተሰቀለበት ግድግዳ ላይ። ቅቤውም መምጣቱን ይቀጥላል፣ ለራስ። የጥምቀቱንም ከፍተን ጀምረነዋል።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። አሥር ዓመት አብረን ስንኖር ሳላገባህ በፊት ቦራን የማልባት እኔ ነበርኩ እያልሽ ስትነግሪኝ ኖረሽ የለም? አጥር ትዘዪ እንደነበር ለምን ደበቅሽኝ? በመልስ መንገድ ሚኒባሱ ውስጥ ይህን እያሰብኩ ስስቅ ሰው ዞሮ አየኝ። ካንቺ ዘንድ ከእንግዲህ አዲስ ነገር የማልሰማ መስሎኝ ነበር። የያዝኩትን ብቻ እየቆጠብኩ የምኖር መስሎኝ ነበር።

ስለዚህ ቃሌ ይህ ነው፤ የማውቀውን አልረሳውም። በየበዓሉ ልጅሽን ይዤ ኮሶዬ እወጣለሁ፤ ስለ አንቺ የማላውቀውን አንድ ነገር ንገሩኝ ብዬ እናትሽን እጠይቃለሁ። አንቺን ማወቅ ገና አልጨረስኩም።

ባልሽ