ከበረዶ የወጣው የአያትህ ደም

ልጄ፣ የረገጥከው ይቀበልህ፣ ባዳው ዘመድ ይሁንህ። እኛ ደህና ነን። የኩሽናው ጣሪያ ማፍሰሱን ትቷል። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊውም የሱሪህን ልክ አልረሳሁም ይላል። መቼም አንተ ሳትበላ እየዋልክ ከስተህ ይሆናል።

እህትህ ተመርቃ ላቦራቶሪ ገብታለች። ከበሽታ የሚከላከሉት ነጭ የደም ሴሎች ምጣኔ ምን ያህል ከወላጅ እንደሚወረስ፣ ከጤነኛ ቤተሰቦች ደም እየቀዱ ያጠናሉ። የሷንና የኔን ቀዱ። አያትህ በሕይወት ሳለች ሰጥታው በበረዶ የኖረውንም አቀለጡት። የሦስታችንም ውጤት ለመለየት እስኪያስቸግር ተመሳሰለ። ባልደረባዋ፣ «ከአንድ ሰው ሦስት ጊዜ ቀድተሽ ነው እንዴ ያመጣሽው?» ብሎ ቀለደባት።

እህትህ ጠርታኝ የአያትህን ሴሎች በማይክሮስኮፕ አየሁ። ይንቀሳቀሳሉ ልጄ። እናቴን አፈር ካለበስናት ስንት ዘመን ሆነን፤ እዚያ መስታወት ላይ ግን ትርመሰመሳለች። ሳላስበው «እንዴት አደርሽ» አልኳት።

«እማዬ፣ አንዴ ከቀለጠ ብዙ አይቆይም» አለችኝ እህትህ። እውነትም ቆይቼ ደግሜ ሳይ ጸጥ ብለዋል። እናቴን ሁለቴ ቀበርኳት።

በበረዶው ውስጥ ከአያትህ ብልቃጥ ጎን ሳትሄድ የሰጠኸው ያንተ ደም አለ፤ ስትሄድ ፈቃዱን ለኔ ትተኸው ነበር። ያንተ ካልተጨመረ የእህትህ የመጀመሪያ ጥናት ጎደሎ ነው፤ ለምና ለምና ሰለቻት። እሺ አላልኳትም። አንተ ደህና ሆነህ ሳለ፣ እዚያ ጸጥ ስትል ማየት አልችልም።

አደራህን፣ ትኩሱን ደምህን በገዛ ክንድህ ይዘህ ና። እስከዚያው ከለላ አትጣ፣ ክፉ አይይህ።

እናትህ