እናቴን ያለበሳችኋት አቡጀዲ

ውድ ሽመልስ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲያ ስለሚጀመር ነው፤ ሌላ ትርጉም አትስጠው።

አቶ አባይነህን ሽማግሌ አድርገህ ልከህብኝ ነበር። ሐኪም ጋራ፣ እናቴ ቤት ድረስ ወጥተው፣ እያለከለኩ ተቀምጠው፣ «ልጄ፣ በአንድ ጨርቅ ምክንያት ትዳር ይፈርሳል እንዴ?» አሉኝ። እንዲህ ብለህ እንደነገርካቸው ገባኝ። እናቴ አጠገባችን ስለነበረች የሆነውን ዘርዝሬ ላሳፍራት አልፈለግሁም። ላንተ ግን ዝም አልልም።

ከሠርጉ በፊት በጥንት ልብስ ፎቶ እንነሳ ያሉት እናትህ ናቸው። ዘንድሮ እንዲህ የማይነሳ ሙሽራ የለምና እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ፈላና በር ባለው የቅድመ አያትህ ቤት፣ እዚያ የእንጨት ሰገነት ሥር እንድንነሳ ተባለ። እናትሽንም ይዘሻት ነይ አሉኝ። እማዬ ጸጉሯን ተሠርታ፣ ጡረታ ስትወጣ አብረዋት ያዋልዱ የነበሩት ነርሶች የሸለሟትን ቀሚስ ለብሳ መጣች። ቀሚሱን ከዚያ በፊት አንድም ቀን ለብሳው አታውቅም።

እኔን ዘመዶችህ ወደ ውስጠኛው ክፍል ወሰዱኝና በወርቅ ክር የተጠለፈ ጥቁር ካባ ደረቡልኝ። ድሪውን አንገቴ ላይ ሲያስሩ መስታወት ውስጥ ራሴን አይቼ ሳቅሁ። አምሮብኝ ነበር።

ስወጣ እናቴን በዓይኔ ፈለግኋት። አንተ ካባህን ደርበህ መሃል ቆመሃል፣ እናትህ ከነካባቸውና ከነወርቃቸው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ከጎናችሁ አቡጀዲ ቀሚስ የለበሰች፣ ባዶ እግሯን የሆነች ሴት ቆማለች። ነጠላዋን በጌታ ፊት እንደሚቆም ሎሌ ደረቷ ላይ አደግድገው አስረውላታል። የእጅ ማስታጠቢያ አስይዘዋታል። ቀና ስላላለች ቶሎ አልለየኋትም።

ምን ማለት ነው ብዬ ስጠይቅ እናትህ ምንም አልደነገጡም። የእኔ ቅድመ አያት ሥርጉት እዚያ ቤት ገረድ ነበረች፤ የጥንቱ ፎቶ እንደ ጥንቱ ካልሆነ ምኑን ጥንት ሆነ፤ ማንም እናቴን ሊንቃት አስቦ አላደረገውም። እኔ የልጃቸው ሚስት ልሆን ነውና ካባው ይገባኛል። ይህን ሁሉ ረጋ ብለው አስረዱኝ። እኔን ልትጠይቁ በመጣችሁበት የሽምግልና ቀን «እርስዎ» እያሉ ከጎናቸው ያስቀመጧትን ሴት፣ አቡጀዲውን ካለበሷት በኋላ «ብርነሽ፣ አንቺ ትንሽ ጠጋ በይ» አሏት። እህትህን ያዋለደች ሴት ናት።

እማዬ ለምን እሺ እንዳለች አልጠየቅኋትም። ሠርጌ እንዳይበላሽ ብላ ነው።

«ሽመልስ፣ አንድ ነገር በል» አልኩህ።

«ልብስ ነው እኮ መቅዲ። ለፎቶ ነው።»

«ልብስ ብቻ ከሆነ እናትህ ይልበሱታ። ካባቸውን ለእናቴ ይስጧት።»

ፎቶ አንሺው እንኳ አፍሮ ካሜራውን ዝቅ አደረገ። አንተ እናትህን አየህ፣ ከዚያ እኔን አየህ፣ ከዚያ ድምፅህን ቀንሰህ «ሰው እያየን ነው» አልክ።

ካባውን አውልቄ ደረጃው ላይ ጣልኩት። እማዬን እጇን ስይዛት ማስታጠቢያውን ቀስ አድርጋ መሬት ላይ አስቀመጠችው፤ እንዳይሰበርባችሁ። ቀሚሷንና ጫማዋን ልታመጣ ተመልሳ መግባት አልፈለገችም። በዚያው አቡጀዲ፣ በባዶ እግሯ፣ ጊደር መጋላን ከገበያተኛው መሃል አቋረጥን። ልጆቹን ሁሉ ያዋለደችለት ቅመም ሻጩ አሕመድ አይቷት ተነሳ። «ኸይር ነው ወይ፣ እናቴ?» አለ። ነጠላ ጫማውን አውልቆ እግሯ ሥር አኖረላትና፣ እሱ ባዶ እግሩን ወጥቶ ባጃጅ አስቆመልን።

ቤት ስንደርስ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና፣ «ሽመልስ እንደዚያ ሆኜ አየኝ?» ብላ ጠየቀችኝ። ትወድህ ነበር። «አላየሽም፤ ከፎቶ አንሺው ጋር እያወራ ነበር» አልኳት። ያመነችኝ መስላ ተኛች።

ከፎቶ አንሺው ጋር ማውራትህስ እውነት ነው። ከክፍሉ ስወጣ፣ እሷን ገና ሳላያት፣ ጆሮው ሥር ጎንበስ ብለህ ያልከውን ሰምቼሃለሁ። «ሴትየዋን ትንሽ ዞር አድርጋት፤ ካባዬን ሸፈነችው» አልከው። ስለማን እንደምትናገር የገባኝ ዞር ብዬ ሳያት ነው።

በሽምግልናው ቀን ጉልበቷን የሳምካትን እናቴን፣ ሽመልስ። ሴትየዋ።

ቀለበትህን ከዚህ ወረቀት ጋር በአቶ አባይነህ እጅ ልኬልሃለሁ። ሌላ ሽማግሌ ከላክህ ይህንኑ ለሱም በሩ ላይ አነብለታለሁ። ለናንተ ቤት የሚስማማ ሙሽራ ይስጥህ።

የብርነሽ ልጅ፣
መቅደስ