ስንጥቅ ሲለኩ የኖሩት የአቶ እንደሻው ኃይለመስቀል የሕይወት ታሪክ

በ1951 ዓ.ም. ሰኔ ወር፣ ዝናቡ የጓሮውን ካብ በናደበት ሳምንት፣ አቶ እንደሻው ከአባታቸው ከአቶ ኃይለመስቀል ወልደየስ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አሰፋች በዳኔ በአርሲ ሲሬ ከተማ ተወለዱ። ካቡ ተመልሶ እስኪቆም ድረስ እናታቸው ሕፃኑን በዚያ በኩል አላስተኙትም ይባላል። ጠባያቸው ከየት እንደመጣ ከዚሁ መገመት ይቻላል።

በሲሬና በአሰላ ተምረው፣ በቅየሳ ሙያ ሰልጥነው በ1973 ዓ.ም. የመንገድ ሥራ ጀመሩ። በ1980 ዓ.ም. ወ/ሮ እታገኘሁን አግብተው ብሩህንና መቅደላዊትን ወልደዋል። ከኋላው ያለው ገደል አላማረኝም ብለው የሠርጋቸውን ዳስ በዋዜማው ያስነቀሉ ሙሽራ እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። ይህን የሚጽፈው የሚስታቸው ወንድም ያንን ዳስ ተሸክሞ ያዛወረ ነውና እስከ ዛሬ አልረሳውም።

በ2003 ዓ.ም. በምዕራብ አገር በአንድ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ተቀጠሩ። ከሰሉ የሚወጣው መሬቱን ከላይ እንደ ደረጃ እየቆረጡ በመውረድ ነው፤ ደረጃው ቀጥ ብሎ ከተቆረጠና ውሃ ከገባው ይናዳል። የእሳቸው ሥራ በአፋፉ ላይ ከሚታየው ስንጥቅ ግራና ቀኝ ችካል ተክለው፣ ምን ያህል እንደተራራቁ ጧት ጧት በሜትር መለካት ነበር። ስንጥቁ ሲሰፋ ይናገራሉ፤ አለቆቹ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላሉ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ! በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ ጭራሽ ጎብኚ ይመጣል ተብሎ ስንጥቁ በዶዘር አፈር ተደፍኖ፣ ችካላቸውም ተነቅሎ ጠበቃቸው። ለእንግዳ ቤት ሲጠረግ አይተናል፤ ገደል ሲለሰን ግን የሰማነው ከእሳቸው ነው።

አቶ እንደሻው ጉድጓዱ ውስጥ ወርደው ከኤክስካቫተሩ ፊት ቆሙ። ኦፕሬተሩ አቶ ጉቱ ዛሬ በመካከላችን አሉ፤ “ይህን ሰውዬ አንሱልኝ ብዬ ጮኼ ነበር” ይላሉ። አሥራ አንድ ሠራተኛ ወጣ። ገደሉ የተናደው ግን በማግስቱ ነበርና፣ ሥራ አስተጓጎሉ ተብሎ የተጻፈባቸው ማስጠንቀቂያ እስከ ጡረታቸው አልተነሳም። ሰው ካልሞተ ማን ያመሰግናል?

በ2012 ዓ.ም. ጡረታ ወጥተው አሰላ ገቡ። ያርፋሉ ስንል፣ እናታቸው ከተቀበሩበት ቦታ በላይ ባለው በዚህ በቤተ ክርስቲያናችን ቅጽር ተረተር ላይ ስንጥቅ አገኙ። ለቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ ቢያመለክቱ “ሙት ምን ይሆናል?” ተባሉ። “ለሙት አይደለም፤ ለቀባሪ ነው” ብለው ችካላቸውን ተከሉ። አበስኩ ገበርኩ፣ እኛም ቤተሰቦቻቸው አብረን ስቀናል።

ከአምና ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲሰቃዩ ምኞታቸው አንድ ነበር፤ ከእናታቸው ጎን መቀበር። በዚህ ክረምት መቅደላዊትን ጧት ጧት እየላኩ የተረተሩን ስንጥቅ ያስለኩ ነበር። ሐምሌ 12 ቀን፣ በአንድ ሳምንት አራት ጣት መስፋቱን ስትነግራቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ከዚያም ከስንጥቁ ርቆ ከላይ ባለው ሜዳ ላይ ቅበሩኝ አሉ። የእናታቸውን ነገር ዳግመኛ አላነሱም።

ሐምሌ 18 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ66 ዓመታቸው አረፉ። እድርተኞች ትእዛዙን ሳይሰሙ ከእናታቸው ጎን ቆፍረው ጨርሰው ነበርና፣ ሌላ ጉድጓድ ቆፍሩ ሲባሉ ያሉት እዚህ አይጻፍም። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና የልጅ ልጃቸውን ኤልሮኢን ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር በማይናወጥ ስፍራ ያኑርልን።

ለቀስተኞች ሆይ፣ ዝናብ ቢመጣ እንደ ልማዳችሁ ከተረተሩ ሥር ባሉት ዛፎች እንዳትጠለሉ፤ ለመከለያ ከተወጠረው ገመድ ወዲህ ሁኑ። ዛሬ እንኳ ስሟቸው።