ስለ ገብስማዋ ዶሮና ስለ ሦስተኛ ክፍል ትምህርት ለክቡር ዲሬክተራችን የቀረበ

ታኅሣሥ ፱ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ታረቀ አካለ ወልድ
የከተማችን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዲሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከእግር ጥፍርዎ እስከ ራስ ጠጕርዎ፣ ይልቁንም በመካከል ላለው ለሆድዎ፣ አምላክ ሙሉ ጤንነት እንዲሰጥልኝ እየለመንሁ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። እኔም ባለቤቴ ጥላነሽም፣ ስለ እኛ ተጨንቀው እንደማያውቁ ብናውቅም፣ ደኅና ነን። በቤታችን ደኅና ያልሆነች አንዲት ዶሮ ብቻ ነበረች፤ ይህንንም የምጽፈው በእርሷ ምክንያት ነው።

ስሜ ከጠፋዎ፣ እኔ ከገበያው ዳር በስፌት መኪና ልብስ የምሰፋው ፈንታ ገብረ ማርያም ነኝ። ባለፈው ፋሲካ የኮትዎን ወገብ ሁለት ጣት ለቀቅ ያደረግሁልዎ ሰው ነኝ። ዘንድሮም ለገና እንደገና መልቀቅ እንደሚያስፈልገው በመንገድ ሲያልፉ ከሩቅ አይቼ ገምቻለሁ፤ ጨርቁ ግን ከዚህ ወዲያ ትርፍ የለውም።

ልጄ የብርጓል፣ የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎ፣ በሥነ ሥርዓት ጉድለት ከትምህርት ቤትዎ ከታገደች እነሆ ወር ሊሞላት ነው። ነገሩን ለማስረዳት ሦስት ጠዋት ከቢሮዎ ደጅ ቆሜ፣ ሦስቱንም ጠዋት ስብሰባ ላይ እንደሆኑ ዘበኛዎ በአክብሮት ነግረውኝ ተመልሻለሁ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ አንዱን ግልባጭ ለእርስዎ ልኬ፣ ሌላውን ከሱቄ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። እርስዎ ለማንበብ ጊዜ ባያገኙ ገበያተኛው ያገኛል።

አስቀድሜ ማመስገን የሚገባኝን ላመስግን። በጥቅምት ወር አዲሱ መምህር አስማማው፣ ልጅ በጠመኔ ብቻ ሳይሆን አይቶና ዳስሶ ነው የሚማረው ብለው፣ በየሳምንቱ ከአንድ ተማሪ ቤት አንድ ነገር እየመጣ የሳምንቱ ትምህርት ሁሉ በእርሱ ላይ እንዲሆን አደረጉ። እኛ ወላጆች ዘዴውን ወደድነው። እርስዎ ግን ከሁላችንም በላይ ወደዱት።

የመጀመሪያው ሳምንት የበርጩማ ነበር፤ ከወይዘሮ አመተ ሥላሴ ቤት የመጣ፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ። ልጆቹ ስሙን ጻፉ፣ ቁመቱን ለኩ፣ ሥዕሉን ሣሉ፣ ዛፉ ከየት እንደመጣ ጠየቁ። ልጆቹ ትምህርታቸውን ዓርብ ዕለት ጨረሱ፤ በርጩማው ግን ስላልጨረሰ እስከ ዛሬ ከቢሮዎ ውስጥ፣ ከእርስዎ በታች ሆኖ፣ በመማር ላይ ይገኛል። በሁለተኛው ሳምንት የጠላ ሻጯ የወይዘሮ ታየች ጋን መጣ። ስንት ጣሳ እንደሚይዝ በክፍል ውስጥ በውኃ ተለካ፤ ልኩ ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥም ወደ መኖሪያ ቤትዎ ተወስዶ በጠላ እንደገና በመለካት ላይ ነው። ወይዘሮ ታየች ውጤቱን እየጠበቁ በእንስራ ይጠምቃሉ።

ሦስተኛው ሳምንት የዶሮ ሆነ።

ዶሮዋ የየብርጓል ነበረች። እናቲቱን ጭልፊት ሲወስዳት ልጄ ጫጩቷን ከጉያዋ አድርጋ አሳደገቻት፤ ገብስማ ላባ ያላት፣ ሰው የማትሸሽ፣ ማታ ማታ ከመደቡ ሥር የምታድር ነበረች። ጥላነሽ ዶሮዋ ከቤት እንዳትወጣ ተከራክራ ነበር። ለትምህርት ነው፣ ትመለሳለች ብዬ የፈረድሁት እኔ ነኝ፤ በርጩማውንና ጋኑን እያየሁ እንዲህ ማለቴ የእኔ ሞኝነት ነው እንጂ የእርስዎ ጥፋት አይደለም።

ያንን ሳምንት ግን ያለ ስላቅ አመሰግንዎታለሁ። ሰኞ ምንቃር፣ ክንፍ፣ ጥፍር እያሉ ጻፉ፤ በእንግሊዝኛም «ዚስ ኢዝ ኤ ሄን» ማለት ተማሩ፤ የብርጓልም ማታ በጎረቤት ያለችውን ዶሮ ሁሉ እየዞረች በእንግሊዝኛ ስሟን ነገረቻት። ማክሰኞ ዶሮዋ ከክፍል ውስጥ ሁለተኛ እንቁላሏን ስለጣለች በእንቁላል መደመር ተማሩ፤ ከዕረፍት ሲመለሱ እንቁላሎቹ ከጠረጴዛው ላይ ስላልነበሩ መቀነስን ያዙ፤ የቀረው ስንት እንደሆነ የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። ሥዕል በተማሩበት ቀን ልጄ የሣለችው ከሱቄ ግድግዳ ላይ አለ፤ ዶሮዋ ሦስት እግር ያላት ትመስላለች፤ አንደኛው ጅራት ነው ብላኛለች። ዓርብ በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ከሰንበሌጥ ጎጆ ጐነጐኑላት። እኔ ፊደል የቆጠርሁት በኵርኵም ነው፤ የማይገባኝን ቃል በቃል እየወጣሁ፣ ስሳሳት እየተገረፍሁ። ልጄ ግን በየማታው እየሮጠች መጥታ የተማረችውን ስትነግረኝ፣ መኪናዬን አቁሜ እሰማት ነበር። በእውነት ደስ ብሎኝ ነበር።

ሳምንቱ ሲያልቅ ዶሮዋ አልተመለሰችም። ከደብረ ማርቆስ ኢንስፔክተር ስለሚመጡና የናሙና ትምህርት ስለሚታይ ትቆይ ተባለ። ከዚያ ወዲያ አዲስ ትምህርት ቀርቶ የጥያቄና መልስ ልምምድ ሆነ፤ የዶሮ ጥቅም ምንድር ነው ሲባል ማን እንደሚነሣ፣ ማን እንደሚከተል፣ መቼ እንደሚያጨበጨብ ሳይቀር ተጠና። ኢንስፔክተሩ የደረሱት የነቢያት ጾም ከመግባቱ በፊት በነበረችው የመጨረሻ ሐሙስ ነው። ጥቂት ቀን ቢዘገዩ ኖሮ ዶሮዋ ቢያንስ እስከ ገና ትማር ነበር።

የዚያን ዕለት ጠዋት፣ ሴቶቹ ልጆች ከሂሳብ ክፍለ ጊዜ ተጠርተው ባልትና እንዲማሩ ወደ መኖሪያ ቤትዎ ተወሰዱ። ውኃው ፈልቶ፣ ዶሮዋ በዘበኛዎ ታርዳ ነበር። ላባውን እንድትነጭ የታዘዘችው የብርጓል ናት፤ ዶሮዋን ከሌሎቹ ይልቅ ስለምታውቃት ይሆናል። ነጨች። ዐሥራ ሁለቱም ብልት ሲወጣ ቆማ አየች፤ እንዲያው ከሂሳቡም አልራቁም ማለት ነው። ማታ ቤት ገብታ እጇን ታጠበች፣ ቆይታ ደግሞ ታጠበች፣ እራቷንም ሳትበላ ተኛች። ክቡር ሆይ፣ ይህን ስጽፍ በጣም ተናድጃለሁ፤ ስለዚህ አክብሮቴን ከዚህ ላይ ጥቂት አሳርፌ፣ ሲመለስልኝ እቀጥላለሁ።

ከምሳ በኋላ ኢንስፔክተሩ አፋቸውን በመሐረብ እየጠረጉ፣ እርስዎም ከኋላቸው፣ ወደ ክፍል ገባችሁ። ጎጆው አለ፣ በላዩም በአማርኛና በእንግሊዝኛ የዶሮ ስም ተጽፏል፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ኢንስፔክተሩ ሥራቸውን የሚያውቁ ሰው ናቸውና፣ «ዶሮዋስ የታለች?» ብለው ጠየቁ። ይህ ጥያቄ ከተጠኑት ውስጥ አልነበረም። መምህር አስማማው ወለሉን አዩ፤ እርስዎ ጣሪያውን አዩ። የብርጓል እጇን አወጣች፣ ሲፈቀድላትም እንደተማረችው እጇን አጣምራ ቆመችና «ጌታዬ፣ አሁን ከእርስዎ ጋር ገባች» አለች።

ከክፍሉ ልጆች አንድ በአንድ እየጠየቅሁ እንደሰማሁት፣ ኢንስፔክተሩ መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ቆይቶ ገባቸው፤ ከዚያ ጠረጴዛውን ይዘው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ስሟን ጠይቀው ጐበዝ አሏት። ከክፍሉ ውስጥ ያልሳቁት እርስዎና የብርጓል ብቻ ነበራችሁ።

ሰኞ ጠዋት፣ ጾሙ በገባበት ዕለት፣ ልጄ ከሰልፍ ላይ ወጥታ ወደ ቤቷ ተላከች። የምትመለሰውም ሰንደቅ ዓላማ በሚሰቀልበት ሰዓት በተማሪው ሁሉ ፊት ቆማ «ዋሽቻለሁ» ስትል ብቻ እንደሆነ ተነገረኝ። ግዴለም፤ ውሸቱ የቱ ላይ እንደሆነ ቢያመለክቱኝ ራሴ አስጠናት ነበር፤ ስለዚህ እንዲህ ብዬ በቁጥር አቀርባለሁ፤

፩ኛ. ዶሮዋ ወደ ክፍል አልገባችም ከሆነ፣ ከምሳው ላይ ምን እንደነበረ ቢገለጽልኝ፤

፪ኛ. ገብታለች፣ ነገር ግን ከኢንስፔክተሩ ጋር ብቻ አይደለም የገባችው ከሆነ፣ ማለትም ከዐሥራ ሁለቱ ብልት ጥቂቱ ከእርስዎ ጋር ገብቶ ከነበረ፣ ልጄ ይህን ሳትጠቅስ በመቅረቷ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሦስተኛ የለኝም፤ ሌላ ውሸት ብፈልግ አጣሁ።

መምህር አስማማው ቁልፍ ለማስተከል መስለው ወደ ሱቄ መጥተው ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጋሼ ፈንታ፣ እኔስ ምን ላድርግ፤ የወር ደመወዝተኛ ነኝ» አሉኝ። ወጣት ናቸው፤ አላዘንሁባቸውም። ቁልፉን አጥብቄ ተከልሁላቸው።

ጥላነሽም ደክሟት፣ «አንዲት ቃል ናት፣ በያትና ግቢ» አለቻት። ልጅቱ አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። «እሽ እላለሁ፤ ግን ዋሽተሽ ከሆነ ዶሮዋ የት አለች ሲሉኝ ምን ልበል?» ብላ ጠየቀች። መልሱ እርስዎ ዘንድ ካለ ይላኩልን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ታላቅ እኅቴ አይናዲስ ለየብርጓል ባል ካጨችላት ሁለት ዓመት ሆናት፤ በአምበር በኩል ያለ የባለ ብዙ በሬ ገበሬ ልጅ ነው። ልጄ ዐሥር ዓመቷ ነው። ሽማግሌ በመጣ ቁጥር የምሰጠው መልስ አንድ ነበር፤ ትምህርት ላይ ናት እላለሁ። ይህ ቃል ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ እርስዎ ሳያውቁት አይቀሩም። ፊደል ያልቆጠሩ ሽማግሌዎች እንኳ ሲሰሙት ራሳቸውን ነቅንቀው፣ ጠላቸውን ጨርሰው ይሄዱ ነበር። ክቡር ሆይ፣ እርስዎ የወሰዱብኝ ዶሮ ብቻ አይደለም፤ ያንን መልስም ወስደውብኛል።

አይናዲስ ልጅቱ በታገደች በሳምንቱ መጣች። «ትምህርቱም እምቢ አላት፤ እንግዲህ በጥር እንዳራት» አለችና፣ ለሙሽራ ቀሚስ የሚሆን ነጭ ጨርቅ ከስፌት መኪናዬ ላይ አስቀምጣ ሄደች። ሰፊው እኔ ነኝ። ልኳንም አውቀዋለሁ፤ በመስከረም የተማሪ ቤት ልብሷን የሰፋሁላት እኔ ነኝና። ጨርቁ እስከ ዛሬ ከዚያው አለ፤ እኔም እያነሣሁ ወደ ጎን እያኖርሁት የሰው ልብስ እሰፋለሁ። ከተቈረጠ አይመለስም፤ ይህን ማንም ልብስ ሰፊ ያውቃል፤ ፈራሁ።

ስለዚህ በትሕትና የምለምነው ልጄ ዋሽቻለሁ ሳትል ወደ ክፍሏ እንድትመለስ ነው። ዶሮዋ ትመለስልኝ አልልም፤ ይህ ከትምህርት ሚኒስቴርም ሥልጣን በላይ እንደሆነ አውቃለሁ። ጎጆዋንም ለሚመጣው ኢንስፔክተር ማሳያ ይሁን ብለን ትተንልዎታል።

ለተማረው በርጩማ፣ ለሚለካው ጋንና ለተከፋፈለችው ገብስማ፣ እንዲሁም ዕውቀትን ከየቤታችን እያወጡ ወደ አንድ ቤት ለመሰብሰብ ለሚደክሙት ድካም ሁሉ ምስጋናዬን ደግሜ እያቀረብሁ፣ በወንበርዎ ላይ፣ ማለቴ በበርጩማው ላይ፣ ረጅም ዕድሜ እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ ከወገብዎ ልክ ጋር የምተዋወቅ ታዛዥዎ ሆኜ እሰናበታለሁ።

ፈንታ ገብረ ማርያም
ልብስ ሰፊ፣ የየብርጓል አባት

ተጨማሪ፤ እሑድ፣ ታኅሣሥ ፲፪ ቀን።

ደብዳቤው ከተለጠፈ ወዲህ አንድ ገበያ ውሏል። ከገበያተኛው ብዙው ማንበብ ስለማይችል፣ የብርጓልም ንባቧን እንዳትረሳ ስለሰጋሁ፣ ትናንት ከሱቄ በር ላይ ቆማ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበችላቸው። ሕዝቡ ስለወደደው ሦስት ጊዜ ተደገመ። ወይዘሮ ታየች የጋኑ ታሪክ ያለበት ቦታ ለብቻው እንዲነበብላቸው ጠይቀው ተፈቅዶላቸዋል።

ከአድማጮቹ መካከል ያ የአምበሩ ገበሬ፣ የእጩው አባት፣ ነበሩ። አይናዲስ ልጅቱን ልታሳያቸው ይዛቸው መጥታ ኖሯል። ሰውየው በዱላቸው ተደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙና፣ ወደ እኅቴ ዞረው፣ «ይችስ ትማር፤ እኛም ቤት ዶሮ አለን» ብለው በቅሏቸውን አስነሡ። አይናዲስ ግን ነጩን ጨርቅ አልወሰደችም፤ ሌላ አባት አይጠፋም ብላለች፤ እውነቷን ነው፣ ጥርም ገና አልገባም።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ደወሉ ሲደወል የብርጓል ልብሷን ለብሳ ከትምህርት ቤትዎ በር ላይ ትገኛለች። ከተቀበሏት የቤት ሥራ ስለሚኖርባት የገበያውን ንባብ ታቆማለች። ካልተቀበሏት ደግሞ በሚመጣው ቅዳሜ የአማኑኤል ከተማ ነጋዴዎች ለገና ገበያ ስለሚመጡ፣ ከደብረ ማርቆስም ሰው ስለማይጠፋ፣ ከሱቄ በር ላይ ወርዳ ከአደባባዩ መካከል ታነባለች። ቃል ሳትውጥ፣ ከነጥብ ላይ እያረፈች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነው የምታነበው፤ ይህን የተማረችው ከእርስዎ ትምህርት ቤት ነውና ምስጋናው ለእርስዎ ይሁን።