ሰባተኛው ረድፍ

ሰኞ፣ ጥር 15 ቀን 1970

ሙኒራን ያዟት። ከአጋሮ ስትመለስ ኬላ ላይ አውቶቡሱን ሲፈትሹ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ፊደልና ቁጥር የሞላበት ወረቀት አገኙ። የምስጢር መልእክት ነው ብለዋል። እናቷ ከሄርማታ ሰፈር በእግሯ መጥታ ደጄ ላይ ተቀመጠች። «ያ ረቢ! እማማ፣ እርስዎ ያስተማሯት ልጅ ናት» ትላለች። እውነቷን ነው። የዳንቴል መሥሪያውን ኪሮሽ ያስያዝኳት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 16

ቀበሌ ጠሩኝ። መርማሪው ገና ወጣት ነው፤ የሸሚዙ ሁለተኛ ቁልፍ ተበጥሷል። ወረቀቱን ሳየው የዳንቴል አሠራር ነው። «ሰ» ሰንሰለት፣ «ዘ» ዘንግ፣ የቋጠሮው ዓይነት ነው፤ ከዚያ ብዛቱ በቁጥር፤ ልክ እኔ ተማሪዎቼን እንደማስጽፋቸው።

«እማማ፣ ይኼ ሁሉ ቁጥር ለጠረጴዛ ልብስ?»

«እቤትህ ሬድዮኑ ላይ የተነጠፈው ከሰማይ የወረደ መሰለህ?»

አጠገቡ የተቀመጠችው ጸሐፊ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

«እንግዲያው ይሥሩትና ሐሙስ ያምጡት። ዳንቴል ከወጣው ትፈታለች። ካልወጣው አዲስ አበባ ትላካለች።»

ከዚህ ወደዚያ ተልኮ የተመለሰ ሰው አላውቅም። ቅጂውን ይዤ ወጣሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 17

ስድስት ረድፍ ያለ እንከን ሄደ። ሰባተኛው ላይ ከሚያስፈልገው በላይ ሦስት ዘንግ ተረፈ። ፈትቼ እንደገና ቆጠርኩ። ሦስት። አሥረኛው ላይ አምስት፤ አሥራ ሁለተኛው ላይ ሁለት።

ሙኒራ ቆጠራ አትስትም። ጣቷን በማስመሪያ እየመታሁ ነው ያስተማርኳት።

ሆን ብላ ነው።

ትርፎቹን ጎን ለጎን ጻፍኳቸው። ቀን? ሰዓት? የቤት ቁጥር? ሊገለጥልኝ ሲል ብዕሬን አስቀመጥኩ። የማላውቀውን ማንም ሊያስለፈልፈኝ አይችልም። ቁራጯን ወረቀት ምድጃ ውስጥ ከተትኳት። ይህንንም መጻፌ ሞኝነት ነው።

ተናድጃለሁ። ያን የመሰለ ንጹሕ ሥራ ለዚህ!

ከሰዓት በኋላ ትርፉን ሁሉ ትቼ እንደሚገባው ሠራሁት። ዳንቴል ያሳዩኝ የሚሲዮን ሲስተሮች ክር እንዲህ እንዲዋሽ አላስተማሩኝም።

ሐሙስ፣ ጥር 18

መርማሪው ዳንቴሉን አገላብጦ አየ። ደስ ያለው መሰለኝ። ከዚያ ወደ ጸሐፊዋ ዞረ።

«አንቺ ዳንቴል ትችያለሽ አይደል? ከወረቀቱ ጋር ቁጠሪ።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። በጣቷ ረድፍ በረድፍ ወረደች። ሰባተኛው ላይ ጣቷ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ግድግዳውን አየሁ።

«ልክ ነው፣ ጓድ» አለች።

ለምን? ራርታ? ወይስ እሷም ከነሙኒራ ጋር ናት? ወይስ ማን ደጄ እንደሚመጣ ሊያዩ ነው የለቀቁኝ? ወደ ቤት ስመለስ ሦስት ጊዜ ዞሬ አየሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር 20

ትናንት ፈቷት። ዛሬ ከእናቷ ጋር መጣች፤ ከንፈሯ አብጧል። እናቷን ውሃ እንድታመጣ ወደ ጓዳ ላክኳት።

«ጸሐፊዋን ታውቂያታለሽ?»

«አላውቃትም፣ እማማ።» ጥያቄዬን እንኳ አላስጨረሰችኝም።

ቁጥሮቹን አላነሳሁባትም። «ከዛሬ ጀምሮ ኪሮሽ እንዳትነኪ» አልኳት።

እዚያ አንድም ቀን አላለቀሰችም አሉ። እዚህ አለቀሰች። ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች።

እሺ ግን አላለችኝም።