የሌላንድ ያልተከፈተ ፖስታ

ውድ ሌላንድ፣

አዲሱ አድራሻህ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ስለሆነ ፖስተኛው ይህን አያደርስልህም። እኔው ይዤው መጥቼ መቃብርህ አጠገብ አነብልሃለሁ። ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የምጽፈው፤ ቃሌን አልጠበቅሁም።

ሆስፒታል ተኝተህ በፖስታ የሚላከውን የድምፅ መስጫ ወረቀትህን ስትሞላ፣ ምስክር ሆኜ የፈረምኩልህ እኔ ነኝ። «ፊትሽን አዙሪ፤ ዴሞክራት እያፈጠጠብኝ አልመርጥም» አልከኝ። ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ሰው በካናቴራ ይሄዳል። «ይኸው የአየር ለውጥ» ስልህ፣ «ይሄማ ጥሩ ቀን ነው የሚባለው» ብለህ ሳቅክ፤ ሳቁን ሳል አቋረጠው። ፖስታውን ካሸግክ በኋላ ግን ኮስተር ብለህ እጄን ያዝከኝ።

«ቨርና፣ ይቺ ትቆጠር። አንድ ነገር ላይ ትገረሚያለሽ።»

«ትቆጠራለች» አልኩህ። ምርጫው አምስት ቀን ሲቀረው ሞትክ።

ከየፓርቲው አንድ ሰው ይቀመጥ በሚለው ደንብ ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ጠረጴዛ ላይ ድምፅ አስቆጠርን። «እርስ በርስ እንድንጠባበቅ ነው እዚህ የጎለቱን» ትል ነበር፣ የእኔን ሳንድዊች እየበላህ። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ። ከስድስት ዓመት በፊት ከደጅህ የጠፋውን፣ የእጩህ ስም ያለበትን ሰሌዳ፣ ነቅዬ ቦይ ውስጥ የጣልኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን ንዴት የምሆነውን አሳጥቶኝ ነበር። በዚያው ሳምንት ጎርፉ የሐይቁን ዳር መንገድ ሲያጥለቀልቅ፣ የእኔን ሰሌዳ ከውኃ አውጥተህ፣ ጠራርገህ፣ ደጄ ላይ መልሰህ ተከልክልኝ። «የተጻፈበት ሰውዬ አይረባም፤ ሰሌዳው ግን ያንቺ ነው» አልከኝ። ከዚህ በኋላ በየትኛው አፌ ልንገርህ?

ያው መንገድ ዘንድሮ ለድምፅ ቀረበ፤ ከፍ ተደርጎ ይሠራ ወይስ ይቅር ተብሎ። ቤት ለቤት ዞሬ ሰው የለመንኩበት ጉዳይ መሆኑን ታውቃለህ። አንተ ዘንድ ስደርስ «ውኃ ድሮም ይመጣ ነበር» ብለህ ቡና ቀድተህ ሸኘኸኝ።

የምርጫው ቀን በአንተ ወንበር ላይ ከፓርቲህ ኬንትን አስቀመጡት። ደግ ሰው ነው፤ ሳንድዊቼንም አይነካም። ከሰዓት በኋላ በፖስታ የመጡትን ስንመረምር ያንተ ወጣ። ስምህ አለ፤ ከሥሩ የእኔ ፊርማ። ምርጫው ሳይደርስ የሞተ ሰው ድምፅ በእኛ ግዛት አይቆጠርም። ኬንት ቀና ብሎ አየኝ።

«ዝም ብንል ማን ምን ይለናል?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያውም የእኛ ወገን ድምፅ ነው። ካንቺ በቀር የሚቃወም የለም።»

«ቀብሩ ላይ አብረን አልዘመርንም እንዴ ኬንት?»

«አንቺማ ምን አለብሽ። አንድ ሪፐብሊካን ተቀነሰልሽ።»

ይቺ ቃል ቆረቆረችኝ። ያን ሰዓት ባሌ ሮይ ትዝ አለኝ። ምስክር ሳያስፈርም የላከውን ፖስታ አንስተህ፣ እኔ አጠገብህ ተቀምጬ፣ «ይሄ አይቆጠርም» ያልክበት ቀን። የበረዶውን ወራት በሙሉ አኮረፍኩህ። በመጨረሻ በጭስ የበሰለ ዓሣ ይዘህ ደጄ ቆምክ፤ «ሕጉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ዓሣውን ያጠመድኩት ግን እኔ ነኝ።» እንዲህ ያልከኝን ሰውዬ ድምፅ በማታለል ላስቆጥር? ፖስታህን ሳልከፍት ከማይቆጠሩት ጋር አስቀመጥኩት። ኬንትም እኔም ፈረምን።

የፕሬዚዳንቱን ውጤት አልነግርህም። ካሸነፋችሁ ትኩራራብኛለህ፤ ከተሸነፋችሁም ትነዘንዘኛለህ። የመንገዱን ግን ልንገርህ። መቶ አርባ አንድ ለመቶ አርባ አንድ። እኩል ከሆነ ወደቀ ማለት ነው። ኬንት ሁለት ጊዜ ቆጠረው፤ እኔም ሁለት ጊዜ። ያን ዕለት ስላንተ አላሰብኩም፤ አንተማ ተቃዋሚ ነህ ብዬ።

ትናንት ባለቤትህ አርዲስ የጀልባ ቤትህን እንዳጸዳላት ቁልፉን ሰጠችኝ። ደህና ናት፤ ብቻ አሁንም በጠዋት ለሁለት ሰው ቡና ታፈላለች። ግድግዳው ላይ ሐይቁ በረዶ የሚሠራበትን ቀን በየዓመቱ በእርሳስ እንደምትጽፍ አላውቅም ነበር። አርባ ሦስት ዓመት! ከላይ ኅዳር 14 ይላል። ወረድ ሲል ኅዳር 29፣ ከዚያ ታኅሣሥ 11፣ ከዚያ ጥር 2። ያን ሁሉ ዓመት ከእኔ ጋር እየተከራከርክ፣ ቤትህ ገብተህ ይህን ትጽፍ ነበር። ባለፈው ዓመት ቦታ ላይ ቀን የለም። እንዲህ ነው የሚለው፦ «ዘንድሮ በረዶው ሰው መሸከም አልቻለም። የዓሣ ማጥመጃ ጎጆዬን በላዩ አላቆምኩም። ቨርና ልክ ነች፤ መንገዱ ከፍ ይበል። እንዳይነገራት።»

የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያቺን አንዲት ድምፅ በገዛ እጄ ጣልኳት። አንተ ብትሆንም እንደዚያው እንደምታደርግ አውቃለሁ፤ የሚያጽናናኝም እሱ ነው። ግን ተናድጄብሃለሁ ሌላንድ። በሕይወት እያለህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? እርግጥ እኔም የሰሌዳውን አልነገርኩህም።

በረዶው ሲቀልጥ የመንገዱ ጥያቄ እንደገና ለድምፅ እንዲቀርብ ፊርማ አሰባስባለሁ። ኬንትን ይዤው ነው የምዞረው፤ ግድግዳህን አሳይቼዋለሁ። ረጅም ሰዓት ቆሞ ካነበበ በኋላ ባርኔጣውን አወለቀ።

እርሳስህ በክር ተንጠልጥሎ አገኘሁት። ከጽሑፍህ ሥር የዘንድሮውን ጻፍኩልህ፦ «ታኅሣሥ 9። ሐይቁ ገና ውኃ ነው።» ከጎኑም ፖስታህ ላይ እንደፈረምኩት አድርጌ ፈረምኩ።

ምስክር፣
ቨርና