ሳይሞላ የማይነሣው ሚኒባስ

ለቁንዲ የወጣቶችና የቴክኖሎጂ ማዕከል
ለተከበሩ ኃላፊ ወ/ሮ ሣራ ገብረ ሕይወት
ደብረ ብርሃን

ቀን፦ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ የጎረቤላ–ደብረ ብርሃን መንገድ ከማዕከሉ ኮምፒውተር እንዳይሰረዝ ስለማመልከት

እኔ አመልካች ዘርአ ዳዊት ወልደተንሣኤ የደብረ ብርሃን ነዋሪ ስሆን፣ ከላይ በተጠቀሰው መንገድ ላይ በሚኒባስ ሹፌርነት ጥርሴን ነቅዬ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ሰሞኑን በማዕከሉ በር ላይ በተለጠፈው ማስታወቂያ መሠረት፣ ከአውቶቡስ መንዳት የኮምፒውተር ጨዋታው ኩባንያ ይፋዊ ገጽ ውጭ የተገኘ ሞድ ሁሉ የፊታችን ቅዳሜ ይሰረዛል። ተጫዋቾች በራሳቸው ያቋቋሙት ገጽም በማዕከሉ ኢንተርኔት እንዳይከፈት ተዘግቷል። ከሚሰረዙት ሞዶች አንዱ የእኔ መንገድ ስለሆነ አቤቱታዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1. በቅድሚያ ሞድ ምን እንደሆነ ላስረዳ። እርስዎ እንደሚያውቁት አልጠራጠርም፤ እኔ ግን በቅርቡ ስለተማርኩት ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም። ሚኒባስ ከፋብሪካ ሲወጣ ፖርቶመጋላ የለውም፤ መጋረጃም የለውም። እነዚህን የምንገጥምለት እኛ ነን። የኮምፒውተር ጨዋታም እንደዚያው ነው። ኩባንያው ሠርቶ ያወጣዋል፣ ተጫዋቹ ደግሞ የጎደለ የመሰለውን ይገጥምለታል። ያ የተገጠመው ነገር ሞድ ይባላል።

2. ወደ ማዕከሉ ያስገባኝ ዝናብ ነው። በሩ ሥር ተጠልዬ ሳለሁ፣ ቃለ አብ የሚባለው የማዕከሉ ወጣት በጨዋታ ውስጥ አውቶቡስ ሲነዳ አየሁት። መንገዱ የፈረንጅ አገር ነው፤ ጉድጓድ የለው፣ በሬ አያቋርጠው። ከኋላው አንድም ሰው አልተሳፈረም። ባዶ አውቶቡስ እየነዳ ፊቱ በደስታ ሲያበራ ባይ ሳቄ አመለጠኝ። እሱም «ጋሼ ምን ያስቅዎታል? እስቲ ይሞክሩት» ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ስክሪኑ ፊት የተገጠመውን መሪ ስጨብጥ እጄ አወቀው።

3. ዓሊዩ አምባ ተወልዳ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የምታጠናው ዩምና ይህን ሰምታ «ወላሂ ጋሼ፣ የእርስዎን መንገድ እሠራልዎታለሁ» አለችኝ። ሠራችልኝም። ክረምቱን ሙሉ አጠገቧ ተቀምጬ «እዚህ ጋ መታጠፊያ፣ እዚያ ጋ ገደል» እያልኩ አደረቅኋት። አንዳንዱን መታጠፊያ አሳስቼ ነግሬያት በስልኳ ካርታ አርማኛለች፤ እኔ ግን የተሳሳተው ካርታው ነው ባይ ነኝ።

ያልተግባባነው በአንድ ነገር ብቻ ነው። መኪናው ካልሞላ እንዳይነሣ ብዬ ድርቅ አልኩ። አንኮበር፣ ጎረቤላ ላይ መኪና ሰዓት አይቶ አይወጣም፣ ሲሞላ ይወጣል። ዩምና ተጫዋች ይሰለቻል ብላ መከረችኝ። እኔም ተሳፋሪ ሲሰለች አይቼ የማላውቅ ይመስል «ይሰልች» አልኳት። ስለዚህ በእኛ ሞድ ውስጥ ተሳፋሪዎች አንድ በአንድ ከጉሙ እየወጡ ይገባሉ። የመጨረሻዋ ገብታ ረዳቱ «ሳበው!» እስኪል ድረስ ማርሹ እሺ አይልም። የመጨረሻዋ ደግሞ ሁልጊዜ ትዘገያለች፤ ስለ እርሷ ኋላ እመለሳለሁ።

4. ዩምና ሞዱን መጀመሪያ ያቀረበችው እንደ ሕጉ ለይፋዊው ገጽ ነበር። የገጹ መርማሪ መኪናው ውስጥ ገብቶ ነዳጅ ቢረግጥ ቢረግጥ አልነቃነቅ አለው። «ተሽከርካሪው አይንቀሳቀስም፤ ሞዱ ብልሽት አለበት» ብሎ መለሰው። ትንሽ ቢታገሥ ኖሮ ተሳፋሪው እየመጣ ነበር። ለሁለተኛ ጊዜ ብናቀርብ «ጉም መንገዱን ሸፍኖታል፤ ይስተካከል» የሚል መልስ መጣ። የአንኮበር ጉም ይስተካከል ብዬ እኔም በሥራ ዘመኔ ሁሉ ወደ ላይ ሳመለክት ኖሬአለሁ፤ እስካሁን ውሳኔ አልተሰጠኝም።

በመጨረሻ ዩምና ተጫዋቾቹ በራሳቸው ባቋቋሙት ገጽ ላይ አወጣችው። እዚያ ማንም ፈቃጅ የለም፤ የወደደ ይወስዳል፣ የጠላ ይሳደባል። አንድ ስሙን የማናውቀው የሩቅ አገር ሰው «ቆሜ መጠበቁን ወደድኩት» ብሎ ጽፎልናል። ሹፌር ሳይሆን አይቀርም።

5. ከዚያ ወዲህ ማዕከሉ ለሁለት ተከፍሏል። ቃለ አብ የይፋዊው ገጽ ጠበቃ ነው። «የተመረመረ ነው፣ ቫይረስ የለበትም፣ ጨዋታው ሲታደስ አብሮ ይታደሳል፣ የአንዱን ድካም ሌላው በስሙ አያወጣውም» ይላል። ዩምና ደግሞ «የኛን አገር መንገድ በሕልሙም ያላየ ሰው ካልፈቀደልን አንሠራም ማለት ነው?» ትላለች። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ እውነት ያለው ሰው ደግሞ ቶሎ ዝም አይልም። ጨዋታው ቀርቶ ክርክሩ ጨዋታ ሆነ። እንደ ሽማግሌነቴ ላስታርቃቸው ብሞክር፣ ሁለቱም በአንድ ድምፅ «ጋሼ፣ አልገባዎትም» አሉኝ። እስካሁን የተስማሙት በዚህ ብቻ ነው።

6. ለእገዳው ምክንያት የሆነው ወደ ማዕከሉ የገባው ቫይረስ መሆኑን ተረድቻለሁ። የተጫዋቾቹ ገጽ እንከን የለበትም ብዬ አልከራከርም። መንገዱ ላይ ፍየል ይጨምራል የተባለ ሞድ ከዚያ አውርደው፣ መኪናው ሁሉ ፍየል ሆኖ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። ሆኖም ኮምፒውተሮቹን ያሳመመው ቫይረስ የገባው በፍላሽ ነው። ፍላሹን ያመጣውም የእኅቱን የሠርግ ቪዲዮ ሊያሳየን የጓጓ ወጣት ነው። ስሙን አልጠራም፤ ከላይ ግን ከአንድ ጊዜ በላይ ጠርቼዋለሁ። ራሱ አምኖ የተናገረው ስለሆነ ሐሜት አይሆንብኝም። በሠርግ ፍላሽ ለመጣ በሽታ የተጫዋቾቹን ገጽ መዝጋት፣ በአክብሮት ልናገርና፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

7. የራሴን በተመለከተ፦ ግራ ዓይኔን ግላኮማ ወስዶታል፤ ቀኙም ሩቅ አያይም። መንጃ ፈቃዴ አልታደሰም። ያላደሱልኝም ደግ አደረጉ፣ የሰው ልጅ ይዤ ገደል ከምገባ። ነገር ግን መንገዱ ይናፍቀኛል። ቤት መዋል ሲሰለቸኝ ወደ ማዕከሉ እመጣና፣ ትልቁ ስክሪን ላይ አፍንጫዬ እስኪነካ ተጠግቼ ተሳፋሪዬን እጭናለሁ። እዚያ ብገለበጥ የሚጎዳ ሰው የለም። ተገልብጬም አውቃለሁ፤ ቃለ አብ ለሁሉም አውርቶታል። ቅዳሜ ያ መንገድ ከጠፋ ሌላ የምነዳው የለኝም። በዚህ ዕድሜዬ በፈረንጅ አገር ባዶ አውቶቡስ አልነዳም።

8. ስለሆነም፣

ሀ. የጎረቤላ–ደብረ ብርሃን ሞድ ቅዳሜ ከሚሰረዙት ውስጥ እንዲወጣልኝ፤

ለ. የተጫዋቾቹ ገጽ ከሌሎቹ ጋር ባልተያያዘ አንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ እንዲከፈት፣ ከዚያ የሚወርደውንም ሁሉ ቃለ አብ አስቀድሞ እንዲመረምር (ከእርሱ የበለጠ ተጠራጣሪ በከተማው አላገኘሁም)፣ ፍላሽ የሆነ እንደሆነ ግን ዩምና እንድትመረምር፤

ሐ. ውሳኔ ከመስጠትዎ በፊት እርስዎ ራስዎ መጥተው መኪናው ውስጥ አንዴ እንዲቀመጡልኝ

በትሕትና እጠይቃለሁ።

9. ስለዚያች ስለምትዘገየው ተሳፋሪ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ዩምና «የመጨረሻዋን ማን ላድርጋት?» ስትለኝ ሳላስብ ነው የመለስኩላት። እሑድ እሑድ ከጎረቤላ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወደ ትምህርቷ የምትመለስ አንዲት ተማሪ ነበረች። የሳምንት ስንቋን በቢጫ ፌስታል አንጠልጥላ፣ ጫማዋ በጭቃ ተለውሶ፣ ሁሌም ከሁሉ ኋላ እየሮጠች ትመጣለች። ተሳፋሪው «ሂድ እንጂ ሰውዬ! ለአንድ ሰው ነው እንዴ ይሄ ሁሉ?» እያለ ይጮኽብኛል። እኔ ሞተሩን አላጠፋም፤ አልሄድምም። ያ መኪና ካመለጣት ሰኞ ክፍል እንደማትገባ አውቅ ነበር። አንድም ቀን ትቻት ሄጄ አላውቅም።

ከማስታወቂያው ግርጌ ስምዎን ከነአባትዎ ሳነብ ያቺ ልጅ የት እንደደረሰች አወቅሁ። ደስ ብሎኝ ማስታወቂያውን እንደገና አነበብኩት። የተናደድኩት ያን ጊዜ ነው።

ወይዘሮ ሣራ፣ መኪናው ሞልቷል፤ የቀረው አንድ ሰው ነው። ተሳፋሪውም መጮኽ ጀምሯል። እስከ ቅዳሜ እጠብቅዎታለሁ።

ሞተሩን ሳላጠፋ፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ዘርአ ዳዊት ወልደተንሣኤ
ሹፌር